በካምፓስ እርሻ ላይ ቲማቲም በቡድን እንዴት እንደሚለማ፦ ከመደብ እስከ ለቀማ

የተማሪ ቡድን የሚያለማው ቲማቲም ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ፈተና ሲደርስ ነው። ሀዋሳ ላይ ጥቅምት መጀመሪያ መደብ (ችግኝ ማፍያ) ላይ የተዘራ ቲማቲም ኅዳር ላይ ወደ ማሳ ይዛወራል፣ ታኅሣሥ ላይ ያብባል፣ ጥር ላይ ፍሬው ይሞላል። ፍሬው ውሃ አጥብቆ የሚፈልግበትና ተማሪው ለፋይናል ቤተ መጻሕፍት የሚከትበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማል። ስለዚህ ከዘሩ በፊት ተራውን አደላድሉ። ከዚህ በታች ያለው ልክ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ማሳና ለስድስት ተማሪዎች የተሰላ ነው።

1. የማሳውን ታሪክ ጠይቁ

የካምፓስ እርሻ በየዓመቱ እጅ ይለዋውጣል። አምና እዚያው ቦታ ቲማቲም ተተክሎ እንደነበር የዘንድሮው ቡድን አያውቅም። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ በሽታቸውንም ይጋራሉ፤ በላይ በላዩ ሲተከሉ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት የእርሻው ነባር ሠራተኞች ናቸው። «ጋሼ፣ እዚህ አምናና ካቻምና ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በቆሎ የነበረበት ቦታ ከተገኘ እሱን ውሰዱ።

በሽታው መኖሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቅጠሉ ሳይገረጣ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት የጠወለገ ተክል ስታዩ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጡና ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን አስነክታችሁ ያዙት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከቁራጩ ወደ ታች ከወረደ በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውላጊ በሽታ ነው። የሚያድን ርጭት የለውም። ተክሉን ከነአፈሩ ነቅላችሁ ከማሳው አውጡ፤ የቆረጣችሁበትን ቢላና የቆፈራችሁበትን ዶማ ሳታጥቡ ወደ ሌላ መስመር አትለፉ።

2. ተራውን በወረቀት አስፍሩ

ስድስት ሰው ማለት ሦስት ጥንድ ነው። ጥንዱን ስትመሠርቱ የአንድ ትምህርት ክፍል፣ የአንድ ባች ልጆችን አታጣምሩ። ፈተናቸው በአንድ ጠዋት ስለሚውል ሁለቱም አብረው ይቀራሉ። የእያንዳንዱ ሰው የሚድና የፋይናል ቀን ከስሙ ጎን ይጻፍ፤ በዚያ ቀን የሚተካውም ሰው ስም እንዲሁ። የማጠጫ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ይሁን፤ ከክፍል በፊት ያልቃል፣ ቅጠሉ ላይ ያረፈው ውሃም ቀን ላይ ይደርቃል። አንድ ደብተር በመሣሪያ ቤቱ ይቀመጥ፦ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ የታየ በሽታ፣ የተረካቢው ፊርማ። «ነግሬው ነበር» የሚባል ነገር እርሻ ላይ አይሠራም።

3. መደብ

1 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ ይበቃል። አፈሩን አለስልሱ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉ፣ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። በወርዱ በኩል በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ጥልቀቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ቦይ አውጡና ዘሩን በ4 ሳንቲ ሜትር ርቀት አንድ በአንድ አስቀምጡ። ወደ 500 ዘር ይይዛል፤ 2 ግራም ገደማ ማለት ነው። ማሳው የሚፈልገው 330 ችግኝ ስለሆነ ለመተኪያ ይተርፋል። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የተባሉ ዝርያዎች፣ ወይም ሮማ ቪኤፍ ቁመታቸው የተወሰነ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻሉ።

መደቡን በደረቅ ሣር ሸፍናችሁ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በማጠጫ አርሱት። ከ5 እስከ 8 ቀን ባለው ጊዜ ሲበቅል ሣሩን በዚያው ቀን አንሡ፤ አንድ ቀን ካዘገያችሁ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል። ጥቅጥቅ ብሎ የተዘራና ማታ የሚጠጣ ችግኝ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖና ጠቁሮ ይወድቃል። ሲታይ ውሃውን ቀንሱ፣ አሳሱት።

4. ማዛወር

ከ25 እስከ 30 ቀን ሲሆነውና አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል (መጀመሪያ ከዘሩ የሚወጡት ሁለቱ አይቆጠሩም) ሲያወጣ ይዛወራል። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ውሃውን እየቀነሳችሁ አጠንክሩት። በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር በሲባጎ ለኩ። የሚተከለው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ ነው፤ ጠዋት የተተከለ ችግኝ ሥሩ ሳይዝ ቀትር ይመታዋል።

ማዳበሪያው ለ100 ካሬ ሜትር 2 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት) ነው። ሚዛን ይዞ መሮጥ አያስፈልግም፤ የለስላሳ ቆርኪ ሙሉው 6 ግራም ገደማ ስለሚይዝ አንድ ቆርኪ ለአንድ ተክል ይሆናል። ከግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አፈር አልብሱት። ከሥሩ ጋር ከተነካካ ያቃጥላል። ዩሪያ 1 ኪሎ በሁለት ጊዜ ይከፈላል፦ ግማሹ ከተዛወረ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ግማሹ አበባ ሲጀምር። አንድ ቆርኪ ዩሪያ ለሦስት ተክል ይዳረሳል። ዩሪያ ያበዛ ቡድን የሚያገኘው ለምለም ቅጠልና ጥቂት ፍሬ ነው።

5. ውሃ፣ በተለይ ጥር ላይ

የሀዋሳ ዙሪያ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ቀለል ያለ ስለሆነ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየ5 ቀኑ ገደማ በቦይ አጠጡ። የመሬቱ ላይኛ ገጽ ያታልላል፤ 10 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት። ተጨብጦ ቅርጹን ከያዘ ይቆያል፣ ከተበተነ ዛሬውኑ ይጠጣ።

ፈተና ነው ተብሎ አሥር ቀን የተተወ ቲማቲም በአንዴ ሲጥለቀለቅ ምን እንደሚሆን ፍሬው ላይ ይታያል። ውሃ ሲቋረጥ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይደርስም፤ ከታች፣ አበባው በነበረበት በኩል፣ ጠቆር ያለና ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቁስል ይወጣል። ብዙዎች በሽታ መስሏቸው መድኃኒት ይረጫሉ፤ ምንም አይለውጥም። ከድርቅ በኋላ የገባ ብዙ ውሃ ደግሞ ቆዳው ከሚለጠጠው በላይ ፍሬውን ያሳብጥና ይሰነጥቀዋል። ሰው ካጠረ በየ5 ቀኑ ግማሽ ቦይ ማጠጣት በየ10 ቀኑ ሙሉ ከማጠጣት ይሻላል። ከሥሩ ዙሪያ የደረቀ ሣር መጎዝጎዝም ሁለት ቀን ያህል ያተርፋል።

6. ተባይ

ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ቅጠል የሚሰረስር የእሳት እራት ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ሽፋኖች መካከል እየበላ ስለሚኖር ከላይ የተረጨ መድኃኒት ብዙ ጊዜ አያገኘው። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ስታነሡት የሳሳ፣ ወረቀት የመሰለ ነጭ ቦታና በውስጡ ጥቁር ኩስ ይታያል። በሳምንት ሁለት ጊዜ እነዚህን ቅጠሎች ልቀሙ፤ በጥቁር ፕላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። ቅጠሉ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለ ተባዩ ተመልሶ ይወጣል። ርጭት ካስፈለገ በእርሻው ቴክኒሻን ይሠራ፤ ከርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት ከመያዣው ላይ ተነብቦ በደብተሩ ይጻፍ።

7. ለቀማ

ከተዛወረ ከ75 እስከ 90 ቀን ውስጥ ይጀምራል። ለገበያ የሚሄደው ጫፉ ቀላ ማለት ሲጀምር፣ ለካምፓስ ሠራተኞች የሚሸጠው ሲቀላ ይለቀማል። በየ4 ቀኑ ልቀሙ፤ የተሰነጠቀውን ለብቻ አድርጉ፤ እያንዳንዱን ለቀማ መዝኑና መዝግቡ። በደንብ የተያዘ ተክል ቢያንስ 1 ኪሎ ይሰጣል። ሲያበቃ ግንዱን ከነሥሩ ነቅላችሁ አስወግዱ፤ በማሳው ጥግ ላይ «ቲማቲም» ብላችሁ ዓመቱን የጻፋችሁበትን እንጨት ትከሉ።