ከቆዳ ሥር የወጣ እብጠት የስብ እጢ መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል

ወሎ ውስጥ ትከሻው ላይ እብጠት ያወጣ ሰው ምክር አያጣም። ቡናው በረካ ሳይደርስ አንዱ «ይተኮስ» ይላል፣ ሌላዋ «በፈረስ ጭራ ይታሰር» ትላለች። ካንሰር ነው ብሎ ፈርቶ የሚደብቅም አለ። ከእነዚህ እብጠቶች ብዙዎቹ ግን ሐኪሞች ሊፖማ የሚሉት የስብ እጢ ናቸው፤ በስስ ሽፋን ውስጥ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ የሚያድግ ስብ ነው። ካንሰር አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ በዘር የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ቀጫጫ ሰውም ያወጣዋል፤ ስለዚህ ጮማ ስለተዉ አይከስምም።

1. ቆዳውን በቀን ብርሃን ይዩት። የስብ እጢ ላይ ያለው ቆዳ ከሌላው አይለይም። ቀልቶ የሚያቃጥልና የሚጠዘጥዝ ከሆነ ብጉንጅ ሊሆን ይችላል። አናቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ካለው ደግሞ የስብ እጢ መሆኑ ያጠራጥራል፤ አያፍርጡት።

2. ዳር ዳሩን በሁለት ጣት ይግፉት። የስብ እጢ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው፤ ሲገፉት ከጣትዎ ሥር ሸርተት ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጠንካራ ሆኖ ከሥሩ ተጣብቆ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን ጣትዎን አይመኑ፣ ሐኪም ይየው።

3. የወጣበትን ቦታ ያስተውሉ። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጀርባ፣ ትከሻ፣ ክንድና ጭን የስብ እጢ የሚወዳቸው ቦታዎች ናቸው። አንገት ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ከፊት ለፊት መሃል ላይ ሆኖ ውሃ ሲውጡ አብሮ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ እንቅርት ሳይሆን አይቀርም። በአንገት ጎን፣ በብብት ወይም በብሽሽት ከሆነ ንፍፊት ሊሆን ይችላል። በጉሮሮ ሕመም ወይም በእግር ቁስል ያበጠ ንፍፊት ቁስሉ ሲድን ይቀንሳል። ሳይቀንስ ሳምንታት ከቆየ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ ከተያያዘ፣ ማታ ማታ የሚያልብዎትና የሚከሱ ከሆነ የንፍፊት ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይመርመሩ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ «ስብ ነው» እያሉ ወራት ማሳለፍ ነው ጉዳቱ። ጡት ላይ የወጣን እብጠት ደግሞ ማንም ቤት ውስጥ ሊፈርድበት አይገባም።

4. ይለኩት። ስፋቱን በሜትር ለክተው ከቀኑ ጋር ይጻፉ፣ ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙት። ከ5 ሳንቲ ሜትር ካለፈ፣ በፍጥነት ካደገ ወይም ማመም ከጀመረ ይታይ።

5. ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ በተለይ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ደሴ አይሂዱ፣ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአካባቢው ለቆዳ ሕመም ስሙ የሚነሳው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ረጅም ዘመን አሳልፏል። የደነዘዘ ወይም የነጣ ቆዳ ከእብጠቱ ጋር ካዩ ይህንንም ለባለሙያው ይንገሩ።

ሐኪሙ የስብ እጢ ነው ካለዎትና ካላስቸገረዎት መተው ይቻላል፣ ብዙ ሰው አብሮት ይኖራል። የጭነት ገመድ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሆኖ ካስቸገረዎት ወይም መልኩ ካልተመችዎት ይወጣል፤ ቦታውን በመርፌ አደንዝዘው ከነሽፋኑ ያወጡታል፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሽፋኑ ከቀረ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። ቤት ውስጥ በምላጭ መቅደድ የማያዋጣውም አንድም በዚህ ነው፤ ቴታነስና የጉበት ቫይረስ ደግሞ አሉ። መተኮስ ጠባሳ ከመተው በቀር ስቡን አያቀልጠውም።

የጀርባ ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይወጣል። እስከዚያ ጀሪካኑን ሌላ ሰው ይሸከምልዎ።