እሳቱ ውጭ ሙቀቱ ቤት፦ የእንጨት ቦይለር ተከላና አያያዝ

ይሄ ውጭ የሚቀመጥ የእንጨት ቦይለር ከሩቅ ሲያዩት ጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ ጎጆ ነው የሚመስለው። ውስጡ ግን ቀላል ነገር ነው፣ መሀል ላይ እሳት የሚነድበት የብረት ሳጥን አለ፣ ዙሪያውን ውሃ ከቦታል፣ ውሃው ሲሞቅ ፓምፕ በተቀበረ ቱቦ ወደ ቤት ይገፋዋል፣ ቤት ውስጥ በራዲያተር ወይ ወለል ስር በተዘረጋ ቱቦ ሙቀቱን ይለቅና ቀዝቀዝ ብሎ ይመለሳል። በቃ ይሄው ነው። ደስ የሚለው እሳቱም አመዱም የእንጨቱ ቆሻሻም ውጭ መቅረታቸው ነው።

ሰው ሊገዛ ሲነሳ ስለ ቦይለሩ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ የቱ ይሻላል ስንት ክፍል ያሞቃል ምናምን። እኔ በራሴ ደርሶብኝ ያየሁት ግን ቤቱ አልሞቅ ሲል ወይ እንጨት አልበቃ ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር ነው፣ ከተቀበረው ቱቦና ከእንጨቱ። ስለዚህ እነሱ ላይ ነው የማተኩረው።

መጀመሪያ ግን ስለ መጠኑ ትንሽ። ትልቅ ይሻላል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ውሃው የተወሰነለት ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜ 80 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቦይለሩ አየር ይዘጋና እሳቱ ይተኛል፣ ከሚገባው በላይ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚውለው፣ የተኛ እሳት አይነድም ይጨሳል፣ ያ ጭስ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲያርፍ ጥቁር ሬንጅ የመሰለ ነገር ይሆናል፣ ክሪዮሶት የሚሉት ማለት ነው፣ ጭስ ማውጫውን የሚደፍነውና አንድ ቀን በእሳት የሚያያዘው እሱ ነው። የቤታችሁን ሙቀት ፍላጎት አስልታችሁ ወይ አስልቶ የሚሰጣችሁ ባለሙያ አግኝታችሁ ግዙ።

ቦታ ስትመርጡ ነፋሱ ከየት ወደየት እንደሚነፍስ ጥቂት ቀን ተመልከቱ፣ ጭሱ ወደ መስኮታችሁ ወይ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ፣ ጭስ ማውጫው አጠር ካለ ጭሱ መሬት ለመሬት ነው የሚሳበው፣ አቅራቢያ ካለው ጣራ ከፍ ማለት አለበት። ከቤት ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የቦይለሩ መመሪያና ያላችሁበት ቦታ ህግ ይወስነዋል፣ ከመቆፈራችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ቱቦው። እኔ መጀመሪያ የቀበርኩት ርካሹን ነበር፣ ሁለት ቱቦ በስስ ነገር ተጠቅልሎ አንድ ሽንሽን ፕላስቲክ ውስጥ የገባ፣ ሻጩም "ይሄ ይበቃል" አለኝ እኔም አመንኩ። በረዶ የጣለ ቀን ጠዋት ስወጣ ግቢው ሁሉ ነጭ ሆኖ ከቦይለሩ እስከ ቤቱ ግድግዳ ግን አንድ ቀጥ ያለ አረንጓዴ መስመር፣ ሳሩ እርጥብ፣ ትንሽ ትንሽ እንፋሎት እያወጣ። መሬቱን ነበር ሳሞቅ የከረምኩት ለካ! ውሃ ሽንሽኑ ውስጥ ገብቶ ቱቦዎቹ ውሃ ውስጥ ተኝተው ነበር።

በቁጥር እንየው። የቱቦው ውሃ በደቂቃ 30 ሊትር ቢሄድና መንገድ ላይ 5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚጠፋው 10 ኪሎዋት ገደማ ነው (ሊትር በደቂቃ ሲባዛ በዲግሪው ሲባዛ በ0.07፣ ይቺን ቀመር ያዟት)። በ24 ሰአት 250 ኪሎዋት ሰአት ማለት ነው፣ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ደግሞ 4 ኪሎዋት ሰአት ያህል ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ከ60 ኪሎ በላይ እንጨት በየቀኑ ለመሬት። ቱቦዎቹ ዙሪያቸውን በጠንካራ ፎም የተሞላና ውሃ የማያስገባውን ግዙ፣ ውድ ነው አውቃለሁ፣ ገንዘብ የምትቆጥቡበት ቦታ ግን እዚህ አይደለም። ቱቦው የሚቀበርበት ቦይ ውርጭ ከሚደርስበት በታች ይሁን፣ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ሽሹ፣ መሬት ውስጥ መጋጠሚያ አታድርጉ። ከገጠማችሁ በኋላ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱ ቦይለሩ መውጫ ላይ አንዱ ቤት መግቢያ ላይ፣ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው።

ፓምፑን ታች ላይ፣ ውሃ ሁሌ ከሚሞላው ቦታ አድርጉት፣ ከፊትም ከኋላም ቫልቭ ይኑረው፣ ሲበላሽ ሙሉውን ውሃ ሳታፈሱ ትቀይሩታላችሁ። ሲሞላ አየሩን በደንብ አስወጡ፣ ራዲያተር ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አየር አለ። ወደ ቦይለሩ የሚመለሰው ውሃ ደግሞ ከ60 ዲግሪ በታች እንዳይሆን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲመለስ ብረቱ ውስጡ ላቦት ይይዝና ከክሪዮሶቱ ጋር ተደባልቆ ይበላዋል፣ ለዚህ ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅል ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ አለ፣ አስገጥሙት።

ውሃውም ዝም ብሎ ውሃ አይደለም፣ የዝገት መከላከያ ኬሚካል ይገባበታል በአመት አንዴም ይለካል። ብርዱ ባለፈ ቁጥር አታፍስሱት፣ አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ ዝገት። አንድ ነገር አደራ፣ ክፍት የሆነው አይነት ቦይለር አናቱ ላይ ያለውን መተንፈሻ ፈፅሞ እንዳትደፍኑት፣ ግፊት ይዞ ይፈነዳል። ዝግ የሆነው አይነት ከሆነ የግፊት መልቀቂያ ቫልቭና የመስፋፊያ ታንክ ግድ ነው፣ እሱን በራሴ ልግጠም አትበሉ።

እንጨት። ተረቱ "ከደረቅ ጋር እርጥብ ይቃጠላል" ይላል፣ ቦይለር ውስጥ ግን እርጥቡ ደረቁን ይዞት ነው የሚጠፋው። እርጥበቱ 40 በመቶ የሆነ 10 ኪሎ እንጨት ውስጥ 4 ሊትር ውሃ አለ፣ እሳቱ ቤታችሁን ከማሞቁ በፊት ያንን ውሃ ማትነን አለበት፣ አራት ሊትር እሳት ላይ እንደመድፋት በሉት። ከ20 በመቶ በታች ነው የምትፈልጉት። ትንሿን የእርጥበት መለኪያ ግዙ፣ ግን ላዩን አትለኩ፣ ላዩ ሁሌ ደረቅ ነው፣ ፍልጡን እንደገና ፍለጡትና የውስጡን ፊት ለኩ። መለኪያ ከሌላችሁ ሁለት ፍልጥ አጋጩ፣ ደረቁ ቋ ይላል እርጥቡ ድብ ይላል፣ እሳት ውስጥ ሲገባም እርጥቡ ጫፉ ላይ አረፋ እያወጣ ሲንሿሿ ታዩታላችሁ።

ግንዱን ሳይፈልጡ መከመር ልፋት ነው፣ ልጡ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ላዩ ተከድኖ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ ቢያንስ 6 ወር፣ ጠንካራ እንጨት ከሆነ አመትና ከዛ በላይ። እኔ አንዴ ዙሪያውን በላስቲክ ሸፍኜው ሻገተ። ጠንካራ እንጨትና ቀላል እንጨት በኪሎ ብዙ አይለያዩም፣ ልዩነቱ ጠንካራው በትንሽ ቦታ ብዙ ኪሎ መያዙ ነው፣ ስለዚህ ለሌሊት ጠንካራውን ለመለኮሻ ቀላሉን። ቀለም የተቀባ፣ በኬሚካል የተነከረ ጣውላ፣ ፕላስቲክ፣ ቆሻሻ በፍፁም አታስገቡ፣ ጭሱ መርዝ ነው ቦይለሩንም ይጎዳል።

ስትለኩሱ በጭራሮ ጀምሩ፣ ፍም ሲይዝ ፍልጥ ጨምሩ፣ እስከ አፉ አትሙሉት፣ ለሚቀጥለው 8 ወይ 12 ሰአት የሚበቃ ብቻ። በሩን ስትከፍቱ በአንዴ አትበርግዱት፣ ውስጥ የታፈነው ጭስ አየር ሲያገኝ ቡፍ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እኔ ቅንድቤ ተለብልቦ የተቃጠለ ፀጉር ሲሸተኝ ነው የተማርኩት። ወደ ጎን ቁሙ፣ ጣት በምታህል ክፍተት ገርበብ አድርጉት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ከዛ ክፈቱ።

አመድ ስታወጡ ክዳን ያለው ብረት እቃ ውስጥ፣ ከቤትና ከእንጨት ራቅ አድርጋችሁ፣ ረመጥ አመድ ስር ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል ውሃው ግን መሞቁን አያቆምም፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃም በብርድ በረዶ ሊሆን ይችላል። ፓምፑን ለጥቂት ሰአት የሚያንቀሳቅስ ባትሪ ወይ ጄኔሬተር አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ በጨለማ በብርድ መፈለግ አይመችም።

ብርዱ ሲያልፍ ለሙቅ ውሃ ብቻ ብላችሁ እሳቱን አታቆዩት፣ ሲጨስ ነው የሚውለው። አጥፉት፣ አመዱን ሙልጭ አድርጋችሁ አውጡ፣ አመድ እርጥበት ሲያገኝ ብረት ይበላል፣ ግድግዳውን ፈግፍጉ፣ ጭስ ማውጫውን ጥረጉና ዝናብ እንዳይገባ አናቱን ክደኑት፣ ስትለኩሱ ክዳኑን ማንሳት እንዳትረሱ በሩ እጀታ ላይ ጨርቅ ነገር እሰሩበት።