ጡት እያጠቡ ለሠርግ የሚለበስ ቀሚስ መስፋት

ልጄ የሦስት ወር ልጅ እያለች የቅርብ ጓደኛዬ አገባች። ቀሚሴን ራሴ እሰፋለሁ ብዬ ተነሳሁ፣ ሰፋሁም። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ችግሩ ዚፑ ከጀርባ ነው። ልጅቷ ሲርባት መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ቀሚሱን እስከ ወገቤ አውርጄ በጡት መያዣ ብቻ ቁጭ ብዬ አጠባኋት። ውጪ ሰው ያጨበጭባል። እኔ ግድግዳ አያለሁ። አንቺ እንደኔ እንዳትሆኚ ነው ይሄን የምጽፈው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚወሰነው ቀለሙ አይደለም፣ ሞዴሉም አይደለም። ጡትሽ በየት በኩል ይወጣል? እሱን መልሺ፣ ሌላው ይከተላል።

ቀላሉ ግራና ቀኙ ደረት ላይ ተደራርቦ ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀሚስ ነው። ገለጥ ታደርጊዋለሽ፣ በቃ። ወገብሽ ቢሰፋም ቢጠብም ማሰሪያው ያስተካክለዋል። ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ የአንገቱ ጠርዝ በሰያፍ ስለሚቆረጥ ይለጠጣል፣ ከተለጠጠ ደግሞ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ይከፈታል። ጨርቁን እንደቆረጥሽ፣ ገና ምንም ሳትገጣጥሚ፣ ጠርዙ ላይ በስፌት ትርፉ ውስጥ፣ ማለትም ከስፌቱ ውጪ በሚቀረው ጨርቅ ላይ፣ አንድ መስመር በመኪና ስፊበት። ከዛ ጠርዙን ስታጥፊ ከጠርዙ ርዝመት አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያጠረ ቀጭን ላስቲክ ውስጡ አስገቢ። ላስቲኩ ጠርዙን ወደ ሰውነትሽ ይስበዋል። የሚደራረብበት ቦታ ላይ ጠቅ ብሎ የሚገጥም ትንሽ ክሊፕ ከውስጥ ስፊበት። ይሄ ክሊፕ ክብርሽን ይጠብቃል።

ሁለተኛው ከፊት እስከ ወገብ በቁልፍ የሚከፈት ነው። ያምራል፣ ግን በአንድ እጅ አምስት ቁልፍ መፍታት ልጅ እያለቀሰ ቀልድ አይደለም። ቁልፎቹን ለጌጥ ከላይ ስፊያቸውና እውነተኛውን ሥራ ከሥር ለተደበቁ ክሊፖች ስጪ። ሦስተኛው ከደረት ላይ ወደ ታች በሚወርዱት ሁለት ስፌቶች ውስጥ ድብቅ ዚፕ ማስገባት ነው፤ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ። ከውጪ ስፌት ይመስላል እንጂ ዚፕ መሆኑ አይታወቅም። ቆንጆ ነው፣ ግን ዚፕ ስትሰፊ እጅሽ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አሁን መማሪያ ጊዜ አይደለም። ዚፑ ከቆዳ ጋር የሚነካካበት ቦታ ላይ ከውስጥ ቀጭን የጨርቅ ጥብጣብ አድርጊ፣ አለበለዚያ ይፍቃል።

የቱንም ምረጪ፣ ፈተናው አንድ ነው። ትራስ በአንድ ክንድሽ ታቀፊና በሌላው እጅሽ ክፈቺው። ሁለት እጅ ከጠየቀሽ ሞዴሉን ቀይሪ።

አሁን ልክ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን ራሳችንን የምንዋሸው። "እስከዛ እቀንሳለሁ" ብለሽ አትለኪ። ማህፀን ወደ ድሮ መጠኑ ለመመለስ ብቻ ስድስት ሳምንት አካባቢ ይፈጅበታል፣ ሆድና ወገብ ደግሞ የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው። የዛሬውን ሰውነትሽን ለኪ፤ ሠርጉ ከሁለት ወር በኋላ ከሆነ ጨርቁን ገዝተሽ አስቀምጪና ልኩን ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውሰጂ። ስትለኪ በዕለቱ የምታደርጊውን የማጥቢያ ጡት መያዣ፣ ወተት መምጠጫ ፓዱንም ጭምር አድርጊ። ደረትሽን ሁለቴ ለኪ፣ አንዴ ካጠባሽ በኋላ፣ አንዴ ጡትሽ ሞልቶ ሲወጠር። ልዩነቱን ስታዪ ትገረሚያለሽ። የምትሠሪው በትልቁ ነው፤ በትንሹ ከሠራሽ ከሰዓት በኋላ መተንፈስ ያቅትሻል።

ወገቡን ከጡት ሥር ከፍ አድርገሽ ብትጀምሪው ሆድሽ ላይ ምንም አይጫንም። በቀዶ ሕክምና ከወለድሽ ደግሞ ወፍራም ስፌትም ሆነ ላስቲክ ጠባሳው ላይ እንዳያርፍ ተቀምጠሽም ቆመሽም አረጋግጪ። ስንቀመጥ ሁሉም ነገር ቦታውን ይቀይራል።

ጨርቅ ስትመርጪ ሳቲንና ሐር ይቅርብሽ። አውቃለሁ፣ ሠርግ ነው፣ ያብረቀርቃል። ግን አንድ ጠብታ ወተት ከፓዱ ካለፈ ደረትሽ ላይ ክብ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ ሲደርቅም አይጠፋም። ቅልል ያለ ክሬፕ፣ ቪስኮስ ወይም ጥጥ፣ በተለይ አበባ ወይም ዝንጉርጉር ሥራ ያለው፣ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል። ቁራጭ ጨርቅ ካገኘሽ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጊበትና እርጥቡም ደረቁም ምን እንደሚመስል እዪ። ከመቁረጥሽ በፊት ቀሚሱን ወደፊት በምታጥቢበት መንገድ ጨርቁን እጠቢው፤ ጥጥና ቪስኮስ ይሰበሰባሉ፣ ይሄ ቀሚስ ደግሞ መታጠቡ አይቀርም፣ ልጅ ትከሻ ላይ ያስመልሳል። ጨሌና የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ደረትና ትከሻ ላይ አትስፊ። የልጁን ጉንጭ ይቧጭራል፣ ከተነቀለም ወደ አፍ ነው የሚሄደው። ማሳመር ካማረሽ ጫፉ ላይ አሳምሪ።

ጨርቁን ከመንካትሽ በፊት የላይኛውን ክፍል ብቻ ከአሮጌ አንሶላ ቆርጠሽ ሞክሪው። ጉርዱን መሞከር አያስፈልግም፣ ጉርድ ይቅር ባይ ነው። አንሶላውን ለብሰሽ ክንድሽን ከፍ አድርጊ፣ ልጅ እንደምታነሺ ጎንበስ በይ፣ ቁጭ በይ። ብብቱ ከያዘሽ አሁን አስተካክዪ።

ስትቆርጪ ጎንና ጎኑ ላይ የተለመደውን አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ሳይሆን ሦስት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዪ። የሁለቱን ጨርቅ ጠርዝ አንድ ላይ ሳይሆን ለየብቻ እንዳይተረተር ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ (ጠርዝ የሚጠቀልል ስፌት) አድርጊ። ሠርጉ ዋዜማ ላይ ጠቦ ቢገኝ ስፌቱን ፈትተሽ ታሰፊዋለሽ፤ አንድ ላይ ከተጠቀለለ ግን መላ የለውም።

ስለ ጊዜ እንነጋገር፣ ምክንያቱም የለሽም። ልጁ ሲተኛ እሰፋለሁ ካልሽ መኪናው ይቀሰቅሰዋል ወይ አንቺም አብረሽ ትተኛለሽ። እኔ የሠራልኝ ሥራውን መከፋፈል ነው፦ መቁረጥ የሚሆነው ልጁን የሚይዝልኝ ሰው ባለበት ቀን፣ በጠዋት፣ ጭንቅላቴ ሲሠራ። የተሳሳተ ስፌት ይፈታል፣ የተሳሳተ መቀስ አይመለስም። መኪና ላይ መስፋት በሃያ ሃያ ደቂቃ። ቁልፍና ክሊፕ በእጅ መስፋት ደግሞ ልጁ አጠገቤ ሲተኛ። በየማቆሚያው ቀጥሎ ምን እንደምሠራ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እጅጌ ገልብጦ ይሰፋል፣ እኔ ሁለቴ ሰፍቻለሁ።

ስፒል ቆጥረሽ አውጪ፣ ቆጥረሽ መልሺ። አሥር ካወጣሽ አሥር ይግባ። አንዱ ከጎደለ ሳታገኚው ልጅ መሬት ላይ አታስተኚ። በስፒል ፈንታ ትንንሽ የልብስ መቆንጠጫ ብትጠቀሚ ይሻላል፣ ሲወድቅም ይታያል። የካውያው ገመድም ተንጠልጥሎ አይቀመጥ።

እያንዳንዱን ስፌት እንደጨረስሽ ተኩሺው፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ከመተኮስ የተለየ ነው፤ የቤት ሥራ የሚመስለውንና ተገዝቶ የመጣ የሚመስለውን ቀሚስ የሚለየው ይሄ ነው። ጎኑ ላይ ኪስ አስገቢ። ፓድ፣ ትንሽ ፎጣ፣ ስልክ የት ልታደርጊ ነው?

ጫፉን ከማጠፍሽ በፊት ቀሚሱን አንድ ሌሊት ስቀዪው፣ ጨርቁ ይወርዳልና። ከዛ በዕለቱ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ርዝመቱን አስለኪ። መሬት አይንካ። ልጅ ታቅፈሽ ደረጃ ስትወጪ ቀሚስ ከፍ የምታደርጊበት እጅ የለሽም።

ሲያልቅ፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ለብሰሽው አንድ ሰዓት ቤት ውስጥ ዋዪና እውነተኛውን ልጅ አጥቢበት። የትራሱ ፈተና ትራስ ነው፤ ልጅ ይራገጣል፣ ክሊፑን ይጎትታል፣ ማሰሪያውን አፉ ውስጥ ይከታል። የኔ ሁለተኛው ቀሚስ በዚህ ፈተና ላይ ነው ማሰሪያው ረጅም መሆኑ የታወቀው። አሳጠርኩት። እህቴ ስታገባ ለበስኩት፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አጠባሁ፣ ጭብጨባውንም አየሁት። ባለፈው ጎኑን ሁለት ሴንቲ ሜትር አስገባሁና አሁን ቢሮ እለብሰዋለሁ።