ማታ ማታ የሚጠፋብኝ የጀልባ ሬዲዮ

ሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ባለችኝ የሸራ ጀልባ ቀን ቀን ቪኤችኤፍ ሬዲዮው (ጀልባዎችና መርከቦች የሚነጋገሩበት) ጥርት ብሎ ይሰማል። ማታ ግን ራቅ ያለ ጣቢያ ጨርሶ አይሰማም። በዓይኔ የማያቸው የጭነት መርከቦችም ኤአይኤስ (በአካባቢው ያሉ መርከቦች በሬዲዮ የሚልኩትን ቦታቸውን የሚያሳየው መሣሪያ) ስክሪኑ ላይ የሉም። ወደ ባልቲሞር የሚሄዱ መርከቦች በሚያልፉበት መስመር ላይ ይሄ በጣም ያስፈራል።

የአንቴናውን ገመድና ማያያዣውን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ሌላ ሬዲዮ ተውሼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ባትሪውም ደህና ነበር።

ፍንጩን ያገኘሁት የአሜሪካ ኮስት ጋርድ በ2018 ካወጣው ማስጠንቀቂያ ነው። አንዳንድ የኤልኢዲ መብራቶች የቪኤችኤፍና የኤአይኤስ ሞገድን ይረብሻሉ። የእኔ የጉዞ መብራት ደግሞ ምሰሶው ጫፍ ላይ፣ አንቴናው አጠገብ ነው። የሚበራውም ማታ ብቻ!

ሙከራው መሣሪያ አይፈልግም። መብራቶቹን ሁሉ አጥፉ። ሬዲዮውን ጸጥ ያለ ቻናል ላይ አድርጉ፤ ለምሳሌ 13። ሹ የሚለው ድምፅ እስኪሰማ ስኩዌልቹን (ይህን ድምፅ የሚዘጋውን ማስተካከያ) ዝቅ አድርጉ፤ ከዚያ ልክ ጸጥ እስኪል ብቻ መልሱት። አሁን መብራቱን አብሩ። ድምፁ ከተመለሰ ችግሩ መብራቱ ነው። የእኔ ወዲያው ተመለሰ።

የኤልኢዲ አምፖሉን አውጥቼ መብራቱ መጀመሪያ የተሠራበትን ባለ ክር አምፖል መለስኩ። ባትሪ የበለጠ ይበላል፤ እኔ ግን ሬዲዮውን እመርጣለሁ። መርከቦቹ ስክሪኑ ላይ ታዩ። ከጥገና በኋላ ሬዲዮውን በድምፅ ስትፈትሹ ቻናል 9ን ተጠቀሙ፤ 16 ለአደጋ ጥሪ ክፍት ይሁን።