የሳንባን አየርና ደም ስንለካ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ያረፈ ጤነኛ ሰው በደቂቃ 4 ሊትር ገደማ አየር ወደ ሳንባው ከረጢቶች ያስገባል። 5 ሊትር ገደማ ደም ደግሞ በዙሪያቸው ያልፋል። ሁለቱ አንድ ቦታ ካልተገናኙ ትንፋሹ ብዙም አይጠቅምም። መገናኘታቸውን ስንለካ ግን ደጋግመን የምንስታቸው ነገሮች አሉ።

ትልቁ ስህተት የባሕር ጠረፍን ቁጥር ይዞ አዲስ አበባ ላይ ማስላት ነው። አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ የአንድ አባት የደም ጋዝ ውጤት መጣልኝ። በደም ቅዳው ደም ውስጥ የኦክስጅን ግፊት 60፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ 35 (ሁሉም በሚሊሜትር ሜርኩሪ)። ስልኬ ላይ ያለው ማስሊያ በከረጢቱና በደሙ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት 46 ነው አለኝ። ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ሳንባው ታሟል ማለት ስለሆነ ደንግጬ መሯሯጥ ጀመርኩ። አንጋፋዋ ሐኪም ወረቀቱን አዩና «የአየር ግፊቱን ስንት አድርገህ ነው?» አሉኝ። 760 ነበር። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ግፊቱ 580 ገደማ ነው። አብረን አሰላነው። ከ580 ላይ የውሃ ተን 47 ይቀነሳል። ቀሪው በአየር ውስጥ ባለው የኦክስጅን ድርሻ፣ በ0.21፣ ሲባዛ 112 ይሆናል። 35 ለ0.8 (ሰውነት ለሚጠቀመው ኦክስጅን የሚያወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን) ተካፍሎ 44 ይቀነስለታል። 68 ቀረ፤ ይህ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው። ልዩነቱ 8 ብቻ!

ይህ ማለት ግን ልዩነቱ ከጠበበ ሳንባ ውስጥ የደም መርጋት የለም ማለት አይደለም። ምልክቱ ካለ ፍለጋው ይቀጥላል።

ሁለተኛው አረፋ ነው። ደም ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ ሲቀዳ ትንሽ አየር ሲሪንጁ ውስጥ ይቀራል። የዝቅተኛ ኦክስጅን ውጤት በዚያ አየር ከፍ ብሎ ይወጣል፤ የታመመው ሳንባ ደህና ይመስላል። ሲሪንጁን ጫፉን ወደ ላይ አቁሙት፣ በጣት መታ መታ አድርጉ፣ አረፋውን ገፍታችሁ አውጡና ክደኑት። ከዚያ በሁለት መዳፍ መሃል ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት። ወዲያውም ወደ ላብራቶሪ ይሂድ፤ በቆየ ቁጥር የደም ሕዋሶች ኦክስጅኑን ይጠቀሙበታል።

ኦክስጅን ገና አሁን የተነቀለለትን፣ ወይም የቸርችልን ዳገት በእግር ወጥቶ የደረሰን ሰው ወዲያው አትለኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይረፍ።

ጣት ላይ የምትሰካዋን መለኪያ እንደ መጨረሻ መልስ መውሰድም ያሳስታል። እሷ የምትነግረን ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ለምን እንዳነሰ አትነግረንም። የቀዘቀዘ ጣትና ጥፍር ቀለምም ያታልሏታል።

የጨረር ምስል ላይ ደግሞ አቀማመጥን መርሳት አለ። የደሙን መንገድ የሚያሳየው ጨረር አመንጪ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ደሙ በሄደበት ሄዶ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። ሰው ሲቀመጥ ደግሞ ደም በስበት ወደ ታች ያደላል። ስለዚህ ቁጭ ባለ ሰው ላይ ከተወጋ የሳንባው አናት ደም የራቀው ይመስላል። ከመወጋታቸው በፊት በጀርባቸው አስተኟቸው። ሲሪንጁ ውስጥም ደም መልሳችሁ አትሳቡ፤ መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ይጓጉልና ምስሉ ላይ የሌለ ነጥብ ያሳያችኋል።