ከሰርቨሩ የወጣውን ገጽ ፋይል ላይ አስቀምጦ ስህተት ማደን

ገጹ ተዛብቶ ሲታይ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ብራውዘሩ ኢንስፔክተር (የገጹን ኮድ ወደሚያሳየው መሣሪያ) ነው። እዚያ ያለው ግን ሰርቨሩ የላከው ኤችቲኤምኤል አይደለም፤ ብራውዘሩ የጎደለውን ሞልቶ፣ ጃቫስክሪፕትም ነካክቶት የቀረው ነው። ሠንጠረዥ ሲሠሩ ቲቦዲን (የሠንጠረዡን ረድፎች የሚያቅፈውን ታግ) ባይጽፉም ኢንስፔክተሩ ያሳይዎታል። ሳይዘጋ የቀረ ዲቭም ተዘግቶ ይታያል። ስህተቱ የቴምፕሌቱ (ገጹ የሚሠራበት የቅርጽ ፋይል) ከሆነ እውነቱን የሚነግርዎ ከሰርቨሩ የወጣው ጽሑፍ ብቻ ነው።

በፒኤችፒ ከማንኛውም ኢኮ (ጽሑፍ የማውጫ ትእዛዝ) በፊት ኦቢ_ስታርትን ያስገቡ፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጣው ሁሉ በፈር በሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ውስጥ ይጠራቀማል። መጨረሻ ላይ በኦቢ_ጌት_ኮንተንትስ ይዘቱን ወስደው በፋይል_ፑት_ኮንተንትስ ያስቀምጡት። በኦቢ_ጌት_ክሊን ከወሰዱት ግን በፈሩ ባዶ ይሆናል፤ መልሰው ኢኮ ካላደረጉት ተጠቃሚው ነጭ ገጽ ነው የሚያየው።

ስክሪፕቱ መሃል ላይ በፋታል ኤረር (ሥራውን በሚያቋርጥ ስህተት) ቢቆምስ? የማስቀመጫው መስመር ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ ይህን ሥራ፣ ስክሪፕቱ ሲያበቃ የሚጠራ ፈንክሽን አድርገው ለሬጂስተር_ሻትዳውን_ፈንክሽን ይስጡት። ፒኤችፒ እሱን የሚጠራው በፈሮቹን ከመልቀቁ በፊት ስለሆነ እስከ ስህተቱ ድረስ የተሠራው ገጽ ይተርፋል፤ የተቆረጠበት ቦታም ጥፋተኛውን ቴምፕሌት ይጠቁማል። የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይጻፉ፤ አፓቺን በመሳሰሉ ሰርቨሮች በዚያ ሰዓት የሥራ ፎልደሩ ሊቀየር ይችላል።

የተቀመጠው ፋይል የገጹን ቁራጭ ብቻ ከያዘ አንድ ቴምፕሌት ሁለተኛ በፈር ከፍቶ ሳይዘጋ ትቶት ይሆናል፤ ኦቢ_ጌት_ኮንተንትስ የሚሰጠው የውስጠኛውን ብቻ ነው። ኦቢ_ጌት_ሌቭል (የተከፈቱት በፈሮች ቁጥር) የእርስዎ ኦቢ_ስታርት እንደተጠራ ከነበረው በላይ እስካለ ድረስ በኦቢ_ኤንድ_ፍላሽ እየዘጉ ይምጡ።

ፋይሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ ከዶክታይፑ (የኤችቲኤምኤሉ መክፈቻ መስመር) በፊት ያለውን ይዩ። ባዶ መስመር ካለ አንዱ ኢንክሉድ የተደረገ ፋይል ከፒኤችፒ መዝጊያው ኋላ ትርፍ መስመር ሊኖረው ይችላል። ዓይን የማያየው ቦም (በዩቲኤፍ-8 ፋይል መጀመሪያ ላይ የሚገባ ምልክት) ደግሞ 3 ባይት ነው። ሁለቱም ሄደር (ከገጹ በፊት የሚላከው መረጃ) አስቀድሞ ተልኳል የሚለውን ስህተት ያመጣሉ፤ ልብ ይበሉ፣ ኦቢ_ስታርት ራሱ ይህን ስህተት ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ ያንኑ ገጽ በከርል (በትእዛዝ መስመር ገጽ የሚያወርድ ፕሮግራም) አውርደው ሁለቱን በዲፍ (የፋይሎችን ልዩነት የሚያሳይ ፕሮግራም) ያወዳድሩ። ገጹ መግባት የሚጠይቅ ከሆነ ኩኪውን አብረው ይላኩ፤ አለበለዚያ የመግቢያ ገጹን ነው የሚያወርዱት። በየጥያቄው ከሚለዋወጡ ቶክን (የደኅንነት መለያ ኮድ) እና ሰዓት ሌላ ልዩነት ካለ ፕሮክሲውን (በመሃል የሚያስተላልፈውን ሰርቨር) ወይም ካሹን (የቆየ ቅጂ ማስቀመጫውን) ይጠርጥሩ።

እነዚህ ፋይሎች የተጠቃሚ መረጃና ቶክን ስለሚይዙ በድር ከሚከፈት ፎልደር ውጭ ያስቀምጧቸው፤ ሥራው ሲያልቅም ያጥፏቸው።