ዋጋው የሚቀመስ ሴሚ ሆሎው ጊታር፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሴሚ ሆሎው (ሆዱ በከፊል ክፍት የሆነ የኤሌክትሪክ) ጊታር ሲገዛ ብዙ ሰው የሚያየው ቀለሙንና የብራንዱን ስም ነው። በኋላ ራስ ምታት የሚሆነው ግን ሌላ ነገር ነው። ከ300 እስከ 600 ዶላር በሚሸጡት ላይ የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፦ ይጮሃል፣ ቅኝት አይዝም፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይንቀጫቀጫል፣ ድምፁ ታፍኗል። አብዛኛው በካቻቪቴ፣ በብሩጎላና በትንሽ ትዕግስት ይስተካከላል። ጥቂቱ ግን ከጊታሩ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ያንን ጥቂቱን ብር ከመክፈላችሁ በፊት መለየት አለባችሁ። ስለዚህ እያንዳንዱን ችግር ሳነሳ ሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚታወቅም አብሬ እጽፋለሁ።

ድምፅ ከፍ ሲል ይጮሃል

መጀመሪያ ጩኸቱን ለዩት። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከታች ተነስቶ እየወፈረ የሚሄድ "ሁሁሁ" ነው። አንድ የተወሰነ ኖታ ላይ ይብሳል። ክሮቹን በመዳፍ ስትይዙ ይቀንሳል። ሁለተኛው ቀጭን ፉጨት ነው። ክሮቹን ብትይዙም አያቆምም።

የወፍራሙ ጩኸት ምንጭ የጊታሩ ሆድ ነው። ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) የሚወጣው ድምፅ የፊት ጣውላውን ያንቀጠቅጣል። ጣውላው ክሮቹን ያንቀሳቅሳል። ፒክአፑ፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር የተገጠመው ድምፅ ተቀባይ፣ ያንን ይቀበልና መልሶ ወደ አምፑ ይልከዋል። እንዲህ እየዞረ ያድጋል። የጊታር አምራቹ ጊብሰን በ1958 ኢኤስ-335 የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ መላ ያበጀው ለዚህ ነው። ከአንገቱ ሥር እስከ ጊታሩ መጨረሻ ድረስ መሐሉ ላይ ወፍራም እንጨት አስገባ። ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ ቀረ። ፒክአፖቹና ብሪጁ (ክሮቹ ሆዱ ላይ የሚያርፉበት ብረት) ያረፉት መሐሉ ላይ ስለሆነ ጩኸቱ በጣም ቀነሰ።

ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ከፊት ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ጊታሮች ውስጣቸው ይለያያል። የኤፒፎን ካሲኖ ከኢኤስ-335 ጋር መንታ ይመስላል፤ መሐሉ ግን ባዶ ነው። ከአይባኔዝ አርትኮር ኤኤስ73 የመሐል እንጨት አለው፣ ኤኤፍ75 የለውም። ከግሬች ስትሪምላይነር ደግሞ ጂ2622 አለው፣ ጂ2420 የለውም። ሁሉም በየፊናቸው ጥሩ ጊታሮች ናቸው። ቤት ውስጥ ወይም ዝግ ባለ ጃዝ ላይ ለሚጫወት ባዶው ያምራል። ከበሮና ቤዝ ጊታር ባለበት ባንድ ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ ለሚጫወት ግን የመሐል እንጨት ያለውን ነው የምመክረው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የስልካችሁን መብራት አብሩና በአንደኛው የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ ወደ ጊታሩ መሐል አዙሩት። ቀዳዳው አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመ የእንጨት ግድግዳ ከታየ እንጨቱ አለ። ብርሃኑ ዘልቆ በማዶኛው ቀዳዳ በኩል ከታየ ሆዱ ባዶ ነው። ሻጩ ያላችሁን ሳይሆን ዓይናችሁ ያየውን እመኑ።

አንዴ ከገዛችሁ በኋላ መጀመሪያ አቋቋማችሁን ቀይሩ። ከአምፑ ፊት ለፊት አትቁሙ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ የጊታሩን ፊት ከአምፑ አዙሩ። ከዚያ አምፑ ላይ ቤዙን ቀንሱ። ካልበቃ ሁለቱን ቀዳዳዎች ልክ በተቆረጠ ስፖንጅ ድፈኑ። ይህ የጀማሪ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢቢ ኪንግም ጊታሩ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጥቅ ነበር። ጊብሰን በ1980 በሱ ጊታር በሉሲል ስም ያወጣው ሞዴል ከነጭራሹ የኤፍ ቀዳዳ የለውም። ስፖንጁን ስታስገቡ ብቻ ውስጥ ያሉትን ሽቦዎች እንዳትጎትቱ።

ቀጭኑ ፉጨት የፒክአፑ ችግር ነው። ውስጡ የተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ሲላላ ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አምፑ በርቶ የፒክአፑን ክዳን በእስክሪብቶ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ንክኪው እንደ ማይክሮፎን ጎልቶ ከተሰማ ጥፋቱ ተገኘ። መፍትሄው ፒክአፑን አውጥቶ በቀለጠ ሰም ውስጥ መንከር ነው። ሰም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ይህንን ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ሱቅ ውስጥ ካገኛችሁት ደግሞ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት።

ቅኝት አይዝም

ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው መቃኛ ቁልፎቹ ላይ ነው። ሰው ቁልፍ ይገዛል፣ ያስቀይራል፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው። እኔ በመጀመሪያ የማየው ነቱን ነው፤ ከጭንቅላቱ ሥር ክሮቹ የሚያልፉባትን ነጭ ወይም ጥቁር ቁራጭ። በዚህ ዋጋ ባሉ ጊታሮች ላይ የነቱ ቦዮች ብዙ ጊዜ ጠባብ ሆነው ይመጣሉ። ክሩ ይያዛል። ስትቃኙ ቁልፉን ታዞራላችሁ፣ ድምፁ አይለወጥም፣ ከዚያ "ጢን" ብሎ አንዴ ይዘላል። ሦስተኛው ክር ላይ ይብሳል። ትዝታ ስትጫወቱ ክሩን ስባችሁ ስትለቁት ወደ ቦታው አይመለስም፤ ቀጣዩ ኖታ ተበላሽቶ ይወጣል።

ክሩን አላሉት፣ ከቦዩ አውጡት፣ የእርሳስ ጫፍ ቦዩ ውስጥ ደጋግማችሁ አሹ። መልሳችሁ ቃኙ። "ጢን" ማለቱ ከቀረ ጨርሳችኋል። ካልቀረ ቦዩ በክሩ ውፍረት ልክ መሞረድ አለበት። ይህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ትንሽ ከጠለቀ ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተደረደሩት ብረቶች አንዱን) ይነካል። ባለሙያ ይሥራው።

አዲስ ክር ከሆነ ደግሞ ምንም ከመጠርጠራችሁ በፊት እያንዳንዱን ክር በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ቃኙ።

ባዶው ክር ተቃኝቶ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ የሚበላሽ ከሆነ ጉዳዩ ብሪጁ ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒኩን (ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነካ ብቻ አድርጋችሁ ስትመቱ የሚወጣውን ቀጭን ድምፅ) አውጡ፤ ከዚያ እዚያው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ የዚያን ክር ሳድል (ክሩ ብሪጁ ላይ የሚያርፍበትን ትንሽ ቁራጭ) በካቻቪቴ ወደ ኋላ ውሰዱ። ዝቅ ካለ ወደ ፊት። ከመቃኛ መሣሪያ ወይም ከስልክ አፕ ውጪ ምንም አይጠይቅም።

አንድ የግል አስተያየት ልጨምር። በዚህ ዋጋ ድምፅ የሚያወዛውዝ እጀታ ያለውን ጊታር አልመክርም። መልኩ ያምራል፤ ግን ክሩ የሚይዝበትን ቦታ ያበዛል። ክሮቹ ድርቅ ያለ ብረት ላይ የታሰሩበትን ምረጡ።

ክሩ ከፍሬቱ ጋር ይፋጫል፣ ወይም ለጣት ይከብዳል

ገንዘብ የሚበላው ክፍል ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት።

ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከሆዱ የሚገጥምበት ፍሬት ላይ በሌላ እጅ ተጫኑ። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሩብ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ሁለት ሦስት ወረቀት የሚያስገባ ማለት ነው። ክፍተቱ ከሌለ ክሩ ይፋጫል። ከበዛ አንገቱ ጎብጧል። ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታችሁ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት) በብሩጎላ ታስተካክላላችሁ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር አንገቱን ያቀናል፣ ወደ ግራ ሲዞር ያላላል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፉ። እያዞራችሁ ምንም ካልተለወጠ ወይም ብረቱ ጥግ ደርሶ እምቢ ካለ ያንን ጊታር ተዉት።

አንገቱ ደህና ከሆነ ከፍታውን ለኩ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር 2 ሚሊሜትር፣ ቀጭኑ 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ብሪጁን ከግራና ከቀኝ በሚደግፉት ሁለት ክብ ብረቶች ከፍ ዝቅ ይደረጋል። አሁን ልብ በሉ። ብሪጁ እስከ ታች ወርዶ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ አንገቱ የተጣበቀበት አቅጣጫ ልክ አይደለም ማለት ነው። በእነዚህ ጊታሮች ላይ አንገቱ በአብዛኛው በሙጫ ነው የሚገጠመው። አላቅቆ እንደገና ማጣበቅ ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል። በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ ሁለቴ አስቡ።

የጭንቅላቱን ጀርባም በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ሲወድቅ የሚሰበረው ነቱ ከኋላ በኩል ያለበት ቦታ ነው። ቀለም ሥር የተደበቀ ስንጥቅ በዓይን ሳይታይ በጥፍር ይያዛል።

የፍሬቶቹ ጫፍ ጣት የሚቧጭር ከሆነ እንጨቱ ደርቆ ተሰብስቧል። በአዲስ አበባ በጋ ይህ ብርቅ አይደለም። ጫፉ ይሞረዳል፤ ቀላል ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ከመስቀል መያዣው ውስጥ አስቀምጡ። በተበሳሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ የተጨመቀ እርጥብ ስፖንጅ አብራችሁ ክተቱ።

ውስጡ ይንቀጫቀጫል

ክፍት ሆድ ያለው ጊታር ሆዱ ድፍን የሆነው ጊታር የሚደብቀውን ሁሉ ያጎላል። አምፑን አጥፉና የሚያንቀጫቅጨውን ኖታ ደጋግማችሁ ምቱ። በሌላው እጃችሁ አንድ በአንድ ተጫኑ፦ መቃኛ ቁልፎቹ ሥር ያሉትን ዳዶዎች፣ የቮልዩም ቁልፎቹን፣ ፊት ላይ የተገጠመውን የፕላስቲክ መከላከያ፣ ብሪጁ ላይ ሳድሎቹን የሚይዘውን ቀጭን ሽቦ። ስትነኩት ዝም ያለው እሱ ነው። የላላው ይጠብቃል፤ ቀጭኑ ሽቦ በትንሹ ጎበጥ ተደርጎ ይመለሳል። ሁሉም ደህና ከሆነ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጣውላውን እየነካ ነው። በቀዳዳው በኩል በትንሽ ስፖንጅ ያዝ አድርጉት።

ጃኩ ይቆራረጣል

ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ዳዶ ላልቶ ነው። ዳዶውን ብቻ ይዛችሁ አታጥብቁ። ውስጥ ያለው ጃክ አብሮ ይዞርና ሽቦው ተጠምዝዞ ከስታኞው ይላቀቃል። አብዛኞቹ ሴሚ ሆሎው ጊታሮች ከኋላ ክዳን የላቸውም፤ ሥራው ሁሉ በኤፍ ቀዳዳ በኩል ነው። ጥገናው የሚወደደውም ለዚህ ነው። ጃኩ እንዳይዞር ከውስጥ በጣት ደግፋችሁ ወይም ቀዳዳው ውስጥ የሚገጥም ነገር ወትፋችሁ ያዙና ዳዶውን አጥብቁ።

ጃኩ ጭራሽ ወደ ሆዱ ከወደቀ አትደንግጡ። ጠንካራ የስፌት ክር ጃኩ በነበረበት ቀዳዳ አስገብታችሁ በኤፍ ቀዳዳ አውጡ። ጃኩንም በዚያው ቀዳዳ ጎትታችሁ አምጡት። ክሩን ከፊት ወደ ኋላ በጃኩ መሐል አሳልፉና ጀርባው ላይ ትልቅ ቋጠሮ ቋጥሩ። አሁን ክሩን ከውጭ ስትስቡ ጃኩ ራሱ ቦታው ላይ ብቅ ይላል። ሮንዴላውንና ዳዶውን በክሩ ላይ አሳልፋችሁ አስገቡ፤ ከጠበቀ በኋላ ክሩን ቁረጡ።

ስትገዙ አራቱንም የቮልዩምና የቶን ቁልፎችና የፒክአፕ መምረጫውን አምፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። "ክርክር" የሚል ቁልፍ በመገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ይድናል።

ድምፁ ታፍኗል

ፒክአፕ ለመቀየር አትቸኩሉ። ክሩን ቀይሩ። ከዚያ የአንገቱን ፒክአፕ ዝቅ አድርጉ። መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ከክሩ እስከ ፒክአፑ 3 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ድምፁን ይከፍተዋል።

"ኮምፖልሳቶ ነው" ብለው ያስፈራሯችሁ እንደሆነ

ይህ ጉድለት አይደለም። የ1958ቱ ኢኤስ-335ም ፊትና ጀርባው ከተደራረበ ጣውላ የተሠራ ነው። ተደራራቢው ጣውላ ጩኸትንም ስንጥቅንም ይቀንሳል።

ትልቅ ሆኖ አልመች ካለ

ሰፊው ክፍሉ 16 ኢንች ገደማ ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ጊታር ቦርሳ አይበቃውም፤ የመያዣውን ዋጋ አብራችሁ አስሉ። ለትንሽ ሰውነት የኤፒፎን ኢኤስ-339 ወይም የአይባኔዝ ኤኤም ተከታታይ ይሻላል።

ከአሜሪካ ለሚያስመጡ

ጊታሩ የትም ቢሆን ይሠራል፤ ችግሩ ያለው አምፑ ላይ ነው። የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው። በቀጥታ 220 ላይ ከሰካችሁት ይቃጠልባችኋል። ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርድ፣ የአምፑን ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ስታብላይዘር ይህንን አይተካም። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ጊታሩን ብቻ አስመጡና አምፑን ከዚሁ ግዙ። ጊታሩን ለሚያመጣላችሁ ሰው ደግሞ ሦስት ነገር ንገሩት፦ ክሮቹን በትንሹ ያላላ፣ የጭንቅላቱን ዙሪያና ከአንገቱ ሥር ያለውን ክፍተት በልብስ ይሙላ፣ ከተቻለ ጠንካራ መያዣ ይጠቀም።